ስትሮክ በእንጦጦ ግርጌ

ዳግማዊ ምኒልክ በጥቅምት 1902 ዓ.ም. ከባድ ስትሮክ ሲመታቸው፣ የረጋ ደም የሚያሟሟ መድኃኒትም ሆነ የአንጎልን ውስጥ የሚያሳይ መሣሪያ በዓለም ላይ ገና አልነበረም። ንጉሠ ነገሥቱ ታኅሣሥ 3 ቀን 1906 ዓ.ም. እስኪያርፉ ድረስ ሰውነታቸውም አንደበታቸውም ታስሮ ከ4 ዓመት በላይ ቆዩ። በስማቸው የሚጠራው አንጋፋ ሆስፒታል ዛሬ በየካ ክፍለ ከተማ ይገኛል።

አሁን መድኃኒቱም መሣሪያውም ተገኝቷል። ከፈረንሳይ ለጋሲዮን ዳገት ወይም ከኮተቤ ለሚነሣ ታማሚ ግን ሁለቱን በአንድ ቦታ፣ ጊዜው ሳያልፍ ማግኘት ሌላ ጉዳይ ነው።

ስትሮክ በሁለት መንገድ ይመጣል፤ ወይ የረጋ ደም የአንጎልን የደም ሥር ይዘጋል፣ ወይ የደም ሥሩ ፈንድቶ ደም ይፈሳል። ከውጭ ሲታዩ ሁለቱም አንድ ናቸው፤ ፊት በአንድ ወገን ይጣመማል፣ አንድ እጅ ይዝላል፣ ንግግር ይተሳሰራል። ሕክምናቸው ግን ተቃራኒ ነው። የረጋውን ደም የሚያሟሟው አልቴፕሌዝ ደም እየፈሰሰበት ላለ ሰው ቢሰጥ ሊገድል ይችላል። ስለዚህ የአንጎልን ውስጥ የሚያሳየው ሲቲ ስካን ሳይነሣ መርፌው አይወጋም። መድኃኒቱ ምልክቱ ከጀመረ በ3 ሰዓት ውስጥ ሲሰጥ እንደሚጠቅም እ.ኤ.አ. በ1995 ታወቀ፤ በ2008 ደግሞ ጊዜው ወደ 4 ሰዓት ተኩል ተራዘመ። ትልቅ የደም ሥር ሲዘጋ በየደቂቃው 1.9 ሚሊዮን ያህል የአንጎል ሴሎች እንደሚሞቱ ይገመታል።

ይህ ጊዜ መቆጠር የሚጀምረው ቤት ውስጥ ነው። ማለዳ እናት ከአልጋ ስትነሣ እግሯ ይከዳታል፤ የያዘችው ሲኒ ከእጇ ይወድቃል። አንዱ ምች ነው ይላል፣ ሌላው የደም ግፊት ጣላት ይላል፤ ትንሽ ትተኛና ይሻላታል ተብሎ ይጠበቃል። ጎረቤት ስኳር በውኃ በጥብጦ ያጠጣል። የጉሮሮዋ ጡንቻ ከዛለ ግን ያ ውኃ ወደ ሳንባዋ ገብቶ የሳንባ ምች ሊያስከትል ይችላል። ወደ እንጦጦ ጠበል መውጣትም አለ። እምነቱ የሚከበር ነው፤ ጠበሉ ነገም አለ፣ የመርፌው ጊዜ ግን ከሰዓታት በኋላ ያልፋል።

ከዚያ ጉዞው ይመጣል። መኪና በማይገባበት ኮረኮንች ታማሚ በሰው ትከሻ ወርዶ ኮንትራት ታክሲ ይፈለጋል። የቀይ መስቀል አምቡላንስ በ907 ይጠራል፤ ሆኖም ብዙ ሰው ቁጥሩን የሚያስታውሰው ዘግይቶ ነው። ቤተሰቡ መጀመሪያ የሚደርሰው ሲቲ ስካን የሌለው ጤና ጣቢያ ከሆነ፣ የሪፈር ወረቀት ተጽፎ ሌላ ጉዞ ይጀመራል።

እውነት ነው፣ ብዙ ነገር ተሠርቷል። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የነርቭ ሕክምና ስፔሻሊቲ ትምህርት እ.ኤ.አ. በ2006፣ የድንገተኛ ሕክምናው ደግሞ በ2010 ተጀምሯል። በጥቁር አንበሳ የማደንዘዣ ባለሙያ የነበሩት ክብረት አበበ ቤታቸውን ሸጠው ጠብታ አምቡላንስን የመሠረቱት እ.ኤ.አ. በ2008 ነው። የረጋን ደም በቀጭን ቱቦ ጎትቶ የማውጣት ሕክምናም መዲናዋ ደርሷል፤ ለአብዛኛው ቤተሰብ ግን ዋጋው አይቀመስም።

ባለሙያው እየበዛ ሳለ የቀረው ቅንጅቱ ነው። ይቻላል ወይ ለሚል፣ ኮተቤ የሚገኘው ኤካ ኮተቤ ሆስፒታል ምስክር ነው። በመጋቢት 2012 ዓ.ም. ኮሮና ሲገባ ሆስፒታሉ ለበሽታው ተለይቶ ተሰጠ፤ ታማሚ ወዴት እንደሚወሰድም ግልጽ ሆነ። ለስትሮክም እንዲሁ ሌሊትም ቀንም ሲቲ ስካን የሚያነሣ፣ መድኃኒቱን በመደርደሪያው የያዘና አምቡላንሱ አስቀድሞ ደውሎ የሚያሳውቀው ሆስፒታል በሰሜን ምሥራቅ አዲስ አበባ ተለይቶ መታወቅ አለበት። የካ የሚያህል ክፍለ ከተማ ይህን መጠየቁ ቅንጦት አይደለም።

እስከዚያው ቤተሰብ ማድረግ የሚችለው ነገር አለ። ታማሚው ደህና ሆኖ የታየበትን የመጨረሻ ሰዓት መያዝ ዋናው ነው፤ ሐኪሙ በቅድሚያ የሚጠይቀው እሱን ነው። የሚወስዳቸውን መድኃኒቶች ይዞ መሄድ፣ በአፍ ምንም አለመስጠት፣ አስፕሪንም ቢሆን ሲቲ ስካን ሳይነሣ አለማዋጥ። ስትሮክ ከመምጣቱ በፊት ደግሞ የደም ግፊትን መለካት። የደም ግፊት ብዙ ጊዜ ምልክት የለውም፤ ብዙዎች ደህና ነኝ ብለው ክኒኑን የሚያቋርጡትም ለዚህ ነው። በወጣቶች ላይ ደግሞ በልጅነት በደንብ ያልታከመ የቶንሲል ሕመም የልብ ቫልቭን ሊጎዳ ይችላል፤ ከዚያ ልብ ውስጥ የረጋ ደም ተነሥቶ ወደ አንጎል ሊሄድ ይችላል።