ቡና የተሞላች ቁስል

ግንቦት ላይ ፍግ ከበረት ወደ ጓሮ ይወጣል። ክረምቱ ሳይገባ የጎመኑና የቃሪያው መደብ መገልበጥ አለበትና የአዲ አርቃይ ሰው ዶማ ይዞ ይውላል። እኔ ደግሞ የእግር ቁስል ሳጥብ እውላለሁ።

አንድ ጠዋት 60 ዓመት ገደማ የሆናቸው አባት በነጠላ ቁራጭ የታሰረ እግራቸውን እየጎተቱ ከባለቤታቸው ጋር መጡ። ስፈታው የቡና ዱቄት ከደም ጋር ደርቆ እንደ ቅርፊት ሆኗል። በሳሙናና በውኃ እያራስሁ ሳነሣው ከሥሩ ጥቁር ፍግ ወጣ፤ ከፍጉ ሥር፣ በአውራ ጣታቸው አጠገብ፣ ዶማው የከፈታት ጠባብ ግን ጥልቅ ቁስል።

«ቀላል ናት ልጄ። ደሟ እንዲቆም ብዬ ነው።»

ደሙማ ቆሟል። የመንጋጋ ቆልፍ ባክቴሪያ ዘር ግን በአፈርና በእበት ውስጥ ለዓመታት ሳይሞት ይቆያል፤ የሚራባውም አየር በማያገኝ ጥልቅ ቁስል ውስጥ ነው። ፍግ የገባባትን ቁስል በቡና መድፈን ለባክቴሪያው የሚፈልገውን ቤት መሥራት ነው። ብዙውን ጊዜ ከ3 እስከ 21 ቀን ባለው ጊዜ፣ ቁስሉ ተረስቶ ሳለ፣ አፍ አልከፈት ይላል፤ መዋጥ ያቅታል፤ አንገትና ጀርባ ይገተራል። ከዚያ በኋላ የበር ድምፅ እንኳ ሰውነትን ያንዘፈዝፋል። እንዲህ ያለ ሕመምተኛ የሊማሊሞን ጠመዝማዛ ወጥቶ ጎንደር እስኪደርስ የሚያየውን መከራ መንገዱን የሚያውቅ ሁሉ ይገምተዋል።

«የመንጋጋ ቆልፍ ክትባት ወስደው ያውቃሉ?» አልኋቸው።

«እሱ የሴት አይደል እንዴ?»

«እኔ አምስቱንም ተወግቻለሁ» አሉ ባለቤታቸው።

አልፈረድሁባቸውም። የሕፃናት ክትባት በአገራችን የተጀመረው እንደ ፈረንጆቹ በ1980 ነው፤ እሳቸው ያኔ ጎረምሳ ነበሩ። ከዚያ ወዲህ መርፌው እናቶችን ተከትሎ ሄደ፤ ስንቱን አራስና ጨቅላም አተረፈ። ግን አንድ ቤት፣ አንድ ጓሮ፣ አንድ ፍግ ሆኖ ሚስት ተከልላ ባል ባዶውን መቅረቱ ያንገበግበኛል። ጓሮው የሴት ነው ቢባልም መደቡን የሚገለብጠው አብዛኛውን ጊዜ እሱ ነው። ሚስቱን ሊያስከትብ መጥቶ በር ላይ ቆሞ የሚጠብቀውን ባል አሁን ሳላስገባው አላልፍም።

ለሳቸው የነገርኋቸውን ለሁሉም እናገራለሁ። ፍግ ሲገለብጡ ጣት የሚሸፍን ጫማ ያድርጉ። ከተቆረጡ በብዙ ውኃና ሳሙና ይጠቡ፤ ቡናም፣ አመድም፣ አፈርም አይጨምሩበት። በንጹሕ ጨርቅ ሸፍነው የዚያኑ ዕለት ይምጡ፤ ቁስሏ ትንሽ ብትሆንም።

የመጀመሪያውን ክትባት ወጋኋቸው። ሁለተኛው ከ4 ሳምንት በኋላ፣ ሦስተኛው ከዚያ 6 ወር ቆይቶ ነው። ቀጠሮውን ካርዱ ላይ ጽፌ ስሰጣቸው ገለባብጠው አዩትና ለባለቤታቸው አቀበሏቸው።

«ቀኑን ንገሪኝ፤ በማን በዓል ነው?»

«በሰኔ ኪዳነ ምሕረት ማግስት።»

«እንዲህ በይኝ እንጂ!» አሉና ምርኩዛቸውን አነሡ።