ጨውና የልጆቻችን አእምሮ

ስለ እንቅርት በተነሣ ቍጥር ትዝ የሚለን አንድ የቀድሞ ተማሪያችን ነው። በአንድ የደጋ አገር ትምህርት ቤት ስናስተምር፣ ጓደኞቹ መጽሐፍ ሲያነቡ እርሱ ገና ከፊደል ገበታ አልተላቀቀም ነበር። ሰነፍ ነው ብለን ገሠጽነው፤ በጓደኞቹም ፊት አሳፈርነው። አንድ ቀን እናቱ ስለ ልጇ ልትለምነን መጣች። «የኔታ፣ ልጄ ክፉ አይደለም፤ እባክዎ ይታገሡት» ስትለን ነጠላዋ ከአንገቷ ሸርተት አለና ትልቅ እንቅርት አየን። ያን ጊዜ በእናቲቱ አንገትና በልጁ ትምህርት መካከል ዝምድና ሊኖር ይችላል ብለን ከቶ አላሰብንም። የዚያ ልጅ ድካም ከምን እንደ መጣ ዛሬ በእርግጥ መናገር ባይቻልም፣ ኋላ የተማርነው ነገር በቍጣችን እንድንጸጸት አድርጎናል።

እንደሚታወቀው ሰውነታችን ማዕድናትን ይሻል። ካልሲየም አጥንትንና ጥርስን ያጠነክራል፤ ብረት በደም ውስጥ ሆኖ ከአየር የምንስበውን ኦክሲጅን ለመላ አካል ያደርሳል፤ ዚንክም ልጅ እንዲያድግና ቍስል እንዲሽር ይረዳል። ከእነዚህ ጋር የሚቈጠረው አዮዲን ግን በመጠኑ እጅግ ጥቂት ነው። ለአንድ ጐልማሳ በቀን 150 ማይክሮግራም፣ ለነፍሰ ጡርና ለምታጠባ እናት 250 ማይክሮግራም ይበቃል። አንድ ማይክሮግራም የግራም ሚሊዮንኛ እጅ ነውና፣ ሰው በ70 ዓመት ዕድሜው የሚያስፈልገው አዮዲን ሁሉ ቢሰበሰብ አንዲት የሻይ ማንኪያ አይሞላም።

ይህች ጥቂት ነገር የምታደርገው ሥራ ግን ታላቅ ነው። በአንገታችን ፊት ለፊት፣ ከማንቍርት በታች፣ ታይሮይድ የሚባል ቢራቢሮ የሚመስል ዕጢ አለ። ዕጢውም አዮዲንን ከደም እየወሰደ ሆርሞን ይሠራል፤ ሆርሞኑም የሰውነትን ሙቀት፣ የልብን ምትና የልጅን ዕድገት፣ ይልቁንም በማኅፀን ያለውን የጽንስ አንጎል አፈጣጠር ይመራል። አዮዲን ሲጐድልበት ዕጢው ያለችውን ጥቂት ለመያዝ ሲታገል ያብጣል፤ እንቅርት የምንለውም ይህንኑ ነው። «በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ» የሚለው ተረታችን፣ ሕመሙ በአገራችን የቈየ መሆኑን ይመሰክራል።

ነገር ግን ከሚታየው እብጠት ይልቅ የማይታየው ጉዳት ይከፋል። አዮዲን እጅግ ከጐደላት እናት የሚወለድ ልጅ መስማትና መናገር የተሳነው፣ አእምሮውም የደከመ ሊሆን ይችላል፤ ጽንሱም ሊጨነግፍ ይችላል። ጕድለቱ መጠነኛ ቢሆን እንኳ የልጁን ትምህርት የመቀበል ችሎታ ይቀንሳል።

የደጋ ሰው ለዚህ የተጋለጠበት ምክንያት አለው። በተራራማ አገር ለብዙ ሺህ ዓመታት የወረደው ዝናብ አዮዲኑን ከአፈሩ እያጠበ ወስዶታል፤ አፈሩ ካጣ እህሉ ያጣል፤ እህሉ ካጣ በላተኛው ያጣል። አባቶቻችን ከአፋር ቈላ በግመል እያስመጡ እንደ ገንዘብ ይገበያዩበት የነበረው አሞሌም ቢሆን፣ በተፈጥሮው ያለው አዮዲን ከቍጥር የሚገባ አይደለም። አዮዲን በወተትና በዕንቍላል ይገኛል፤ እነዚህ ግን በጾም ወራት ከማዕዳችን ስለሚርቁ፣ ለጿሚ ቤተ ሰብ አዮዲን የተጨመረበት ጨው ዋና መድኅን ነው።

አዮዲንን በ1811 እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ከባሕር ሣር አመድ ያገኘው ፈረንሳዊው በርናር ኩርትዋ ነው። በ1820 የጄኔቫው ሐኪም ኰአንዴ ለእንቅርት መድኃኒት አደረገው፤ ተራራማዋ ስዊስም በ1922 አዮዲን የተቀላቀለበትን ጨው ለሕዝቧ ማደል ጀመረች። በአገራችንም ለምግብ የሚውል ጨው ሁሉ አዮዲን እንዲኖረው የሚያዝዝ ደንብ በ2011 እንደዚሁ በአውሮፓ አቈጣጠር ወጥቷል።

ደንብ ግን እስከ ገበያ እንጂ እስከ ጓዳ አይደርስም፤ የጓዳው ዳኛ እመቤቲቱ ናት። ስለዚህ ጨው ስትገዙ አዮዲን ያለበት መሆኑ የተጻፈበትን ምረጡ። ፀሐይ፣ እርጥበትና ሙቀት አዮዲኑን ያጠፉታልና ክዳን ባለው ደረቅ ዕቃ፣ ከምድጃ ራቅ አድርጋችሁ አኑሩት። ጨውን በውሃ አትጠቡት፤ አዮዲኑ ከውሃው ጋር ይሄዳልና። ወጡም ሊወጣ ሲል ጨምሩት። ይህን ስንል ጨው አብዙ ማለታችን አይደለም፤ ለጐልማሳ ሰው በቀን ከ5 ግራም በታች ይበቃል። አንገቱ ያበጠም ሰው ሐኪም ዘንድ ይሂድ፤ እንቅርት ሁሉ ከአዮዲን ጕድለት አይመጣምና።

ሽማግሌዎች «ጨው ለራስህ ስትል ጣፍጥ፤ አለዚያ ድንጋይ ነህ ብለው ይጥሉሃል» ይላሉ። ዛሬ ግን ጨው መጣፈጡ ብቻ አይበቃውም። ልጅ ትምህርት አልገባ ሲለውም እኛ እንዳደረግነው ለቍጣ አትቸኵሉ፤ አስቀድማችሁ የጨው ዕቃችሁን ክፈቱና ተመልከቱ።