ብጥብጥ ወይስ የትጥቅ ግጭት? መስመሩ የቱ ላይ ነው?

ባለፈው ሴሚስተር በዓለም አቀፍ የሰብዓዊነት ሕግ ክፍለ ጊዜ መምህራችን አንድ ጥያቄ ጠየቁን። «በአንድ አገር ውስጥ መንግሥትና ታጣቂዎች ተታኮሱ። ይህ ተራ ወንጀል ነው ወይስ የትጥቅ ግጭት?» ከኋላ የተቀመጠ ጓደኛችን ቶሎ ብሎ «ስሙ ምን ያደርጋል? የሞተው እንደሆን ሞቷል» አለ። ክፍሉ ሳቀ፤ እኔም አብሬ ሳቅሁ። ዶርም ገብቼ ነገሩን ሳብላላው ግን ስሙ ብዙ ነገር እንደሚያደርግ ገባኝ። ይህችን ጽሑፍ እንድጽፍ ያነሣሣኝም ይኸው ነው።

ለመሆኑ ስሙ ምን ለውጥ ያመጣል? አንደኛ፣ ማን መቼ መተኮስ እንደሚችል ይወስናል። በሰላም ጊዜ ፖሊስ ተጠርጣሪን መያዝ እንጂ መግደል ሥራው አይደለም፤ ለመግደል መተኮስ የሚፈቀድለት የሰው ሕይወት ለማትረፍ ሌላ አማራጭ ሲያጣ ብቻ ነው። በትጥቅ ግጭት ጊዜ ግን የሚዋጋን ሰው ማጥቃት በራሱ ሕገ ወጥ አይሆንም። ሁለተኛ፣ ያለ ትጥቅ ግጭት የጦር ወንጀል ብሎ ነገር የለም። የ1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕጋችን አንቀጽ 270ም በሲቪል ሕዝብ ላይ የሚፈጸሙ የጦር ወንጀሎችን የሚቀጣው ድርጊቱ በጦርነት፣ በትጥቅ ግጭት ወይም በወረራ ጊዜ ሲፈጸም ነው። ሦስተኛ፣ የሰብዓዊ መብት ሕግ በዋናነት የሚያስገድደው መንግሥትን ሲሆን የሰብዓዊነት ሕግ ግን ታጣቂውንም ጭምር ያስገድዳል። እንግዲህ ስሙ በሁለት በኩል የተሳለ ሰይፍ ነው ማለት ነው። ተራ ሰልፍን «ጦርነት» ብሎ መጥራት ለወታደሩ የማይገባውን የመተኮስ ፈቃድ ይሰጠዋል። እውነተኛ ጦርነትን «ብጥብጥ» ብሎ መጥራት ደግሞ ተጎጂው በጦር ወንጀል ፍትሕ የሚያገኝበትን በር ይዘጋል።

ወደ ሕጉ ስንመጣ፣ እ.ኤ.አ. በ1949 የወጡት አራቱ የጄኔቫ ስምምነቶች በአብዛኛው የሚናገሩት በመንግሥታት መካከል ስለሚደረግ ጦርነት ነው። የአገር ውስጥ ግጭትን የሚመለከተው ለአራቱም የጋራ የሆነው አንቀጽ 3 ብቻ ነው። ይህ አንቀጽ በውጊያው የማይሳተፉትን፣ መሣሪያቸውን ያስቀመጡትን፣ የቆሰሉትንና የተያዙትን መግደል፣ ማሰቃየት፣ ማገትና ያለ ትክክለኛ ፍርድ መቅጣት ይከለክላል። ነገር ግን «የትጥቅ ግጭት» ምን እንደሆነ አይተረጉምም። እ.ኤ.አ. በ1977 የወጣው ሁለተኛው ተጨማሪ ፕሮቶኮል በበኩሉ መስፈርቱን ከፍ አድርጎታል። ታጣቂው ቡድን ኃላፊነት ባለው አዛዥ ሥር እንዲሆንና የማያቋርጥ ዘመቻ ለማካሄድ የሚያስችለውን መሬት እንዲቆጣጠር ይጠይቃል፤ ረብሻንና አልፎ አልፎ የሚከሰት ተኩስንም በግልጽ ከወሰኑ ውጪ አድርጓል።

ክፍተቱን የሞላው የቀድሞዋ ዩጎዝላቪያ ፍርድ ቤት ነው። የይግባኝ ችሎቱ በታዲች ጉዳይ እ.ኤ.አ. ጥቅምት 2 ቀን 1995 በሰጠው ውሳኔ፣ በመንግሥትና በተደራጁ ታጣቂ ቡድኖች መካከል ወይም በእነዚሁ ቡድኖች መካከል የተራዘመ የትጥቅ ውጊያ ካለ የትጥቅ ግጭት አለ አለ። ከዚህ የወጡት መለኪያዎች ሁለት ናቸው፦ የውጊያው ክብደትና የቡድኑ መደራጀት። ይኸው ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ2001 መቄዶንያ ውስጥ የነበረውን ግጭት በተመለከተ በ2008 በሰጠው የቦሽኮስኪ ፍርድ መለኪያዎቹን ዘርዝሯቸዋል። ለክብደቱ የጥቃቱ ስፋት፣ የተሰማራው ሠራዊት ብዛት፣ የመሣሪያው ዓይነት፣ የተፈናቀለው ሕዝብ ቁጥርና የመሳሰሉት ይታያሉ። ለመደራጀቱ ደግሞ የዕዝ ሰንሰለት፣ ስንቅና ትጥቅ የማቅረብ አቅም፣ ዲሲፕሊን፣ እንዲሁም በአንድ ድምፅ ተነጋግሮ የመስማማት ችሎታ ይመዘናሉ። ሁሉም መሟላት የለባቸውም፤ ዳኛው በአንድ ላይ ይመዝናቸዋል።

እኔን በጣም ያከራከረኝ ግን የአርጀንቲናው ላ ታብላዳ ነው። እ.ኤ.አ. ጥር 23 ቀን 1989 አርባ ሁለት ታጣቂዎች በቦነስ አይረስ ግዛት የሚገኝ የጦር ካምፕ ወረሩ። ውጊያው የፈጀው 30 ሰዓት ያህል ብቻ ነው። ታዲያ «የተራዘመ» ይባላል? የአሜሪካ አገሮች የሰብዓዊ መብቶች ኮሚሽን በ1997 ጉዳዩን ሲመረምር፣ ጥቃቱ በጥንቃቄ የታቀደና የተቀነባበረ መሆኑን፣ ዒላማው ወታደራዊ ካምፕ መሆኑንና የመንግሥት ጦር በቀጥታ መዋጋቱን አይቶ የጋራ አንቀጽ 3 ይሠራል አለ። ውጤቱን ልብ በሉ። ታጣቂዎቹ እየተዋጉ ሳሉ መመታታቸው ሕጋዊ ነው ተባለ። ዘጠኙ ግን ከተያዙ በኋላ በመገደላቸው አርጀንቲና ተጠያቂ ሆነች። መጀመሪያ ሳነበው «የአንድ ቀን ተኩስ እንዴት የትጥቅ ግጭት ይሆናል?» ብዬ ነበር። አሁንም ውሳኔው ከዳር ያለ ጉዳይ ነው ባይ ነኝ። ሆኖም የዩጎዝላቪያው ፍርድ ቤት ራሱ በ2008 በሃራዲናይ ፍርድ «የተራዘመ» የሚለው ቃል ከርዝመቱ ይልቅ ክብደቱን የሚያይ መሆኑን ገልጿል።

ታዲያ ስሙን የሚያወጣው ማን ነው? ስምን መልአክ ያወጣዋል ይባላል፤ እዚህ ላይ ግን የሚያወጣው መሬት ላይ ያለው ሐቅ ነው። አንድ መንግሥት «ወንበዴዎች ናቸው» ስላለ ግጭቱ አይጠፋም፤ ታጣቂውም «ነፃ አውጪ ነኝ» ስላለ ግጭቱ አይፈጠርም። ከራሳችን አገር ብንወስድ እ.ኤ.አ. በኅዳር 2020 በትግራይ የተጀመረውን ጦርነት መንግሥት «የሕግ ማስከበር ዘመቻ» ብሎት ነበር። የኢትዮጵያ ሰብዓዊ መብቶች ኮሚሽንና የተባበሩት መንግሥታት የሰብዓዊ መብቶች ቢሮ በኅዳር 2021 ያወጡት የጋራ ሪፖርት ግን ዓለም አቀፍ ያልሆነ የትጥቅ ግጭት መሆኑን ገልጿል። በዚህም ምክንያት ሁሉንም ወገኖች በአንድ ሚዛን መመርመር ተቻለ።

መንግሥታት ስሙን የሚሸሹት ለታጣቂው ዕውቅና የሰጡ እየመሰላቸው ነው። ፍርሃቱ ግን መሠረት የለውም። አንቀጽ 3 ራሱ ተፈጻሚነቱ የወገኖቹን ሕጋዊ አቋም እንደማይለውጥ ይናገራል። በአገር ውስጥ ግጭት የተማረከ ታጣቂ በዓለም አቀፍ ጦርነት እንዳለ የጦር ምርኮኛ ከክስ ነፃ አይሆንም፤ መሣሪያ በማንሣቱ በአገሩ ሕግ ሊከሰስ ይችላል። ሊገደልና ሊሰቃይ ግን አይችልም።

ለዚያ ጓደኛዬም መልሴ ይኸው ነው። የሞተው ሞቷል፤ እውነት ነው። ስሙ የሚጠቅመው እጁን ላነሣው፣ ቆስሎ ለወደቀውና ነገ ፍርድ ቤት ቀርቦ «በደሉኝ» ለሚለው ነው። ቸር ይግጠመን!