ጎሜና ቢጫ ካርድ

ሰኔ 9 ቀን 2005 ዓ.ም. ብሔራዊ የእግር ኳስ ቡድናችን ዋልያዎቹ በአዲስ አበባ ስታዲየም ደቡብ አፍሪካን 2 ለ 1 ሲረቱ ነጥባቸው 13 ደረሰ፤ ለብራዚሉ የዓለም ዋንጫ ወደሚያበቃው የመጨረሻ ዙር ማለፋቸውም ያለቀለት ጉዳይ መሰለ። በዚያው ዕለት ግን ፊፋ በኢትዮጵያ ላይ የዲሲፕሊን ክስ መክፈቱን አስታወቀ። ከስምንት ቀን በፊት ቦትስዋናን በሜዳዋ 2 ለ 1 ባሸነፍንበት ጨዋታ የተሰለፈ አንድ ተጫዋች ቅጣት ላይ ነበር። አንዱን ቢጫ በ2004 ከደቡብ አፍሪካ ጋር፣ ሁለተኛውን በ2005 መጋቢት ከቦትስዋና ጋር ሲጫወት አይቷል። ስሙን እዚህ ማንሳት አልፈልግም፤ ካርድ የመቁጠር ሥራ የቡድን አመራር እንጂ የተጫዋች አይደለም። ፌዴሬሽኑም አላንገራገረም፤ ስህተቱን አመነ። ጨዋታው ለቦትስዋና 3 ለ 0 ተመዘገበ፣ ሦስት ነጥብ ተቀነሰ፣ 13ቱ 10 ሆነ። ዋልያዎቹ ግን ጳጉሜን ላይ የመካከለኛው አፍሪካ ሪፐብሊክን አሸንፈው ያንኑ ዙር በላባቸው ደረሱበት። ፌዴሬሽኑ ስህተቱን ማመኑ ለእኔ ከሁሉም ድሎች ጋር አብሮ ሊዘከር የሚገባው ነው፤ ምክንያቱም በዘመናዊ ስፖርት ውስጥ ሐቅን የሚያወጣው ከመርማሪው መሣሪያ ይልቅ የሚናገረው ሰው መሆኑን ያሳያል።

ይህ አስተሳሰብ ለአርባ ምንጭና ለጋሞ ደጋ ሰው እንግዳ አይደለም። በጋሞ ባህል ወግን መጣስ ጎሜ ይባላል። ጎሜ የበዳዩ ብቻ ሆኖ አይቀርም፤ ለቤተሰቡ፣ ለከብቱ፣ ለማሳው ይተርፋል ተብሎ ይታመናል። ስለዚህ ሕመም ወይም የዝናብ እጦት ሲመጣ ሽማግሌዎች የተደበቀ በደል እንዳለ ያጣራሉ፤ በዳዩም ጥፋቱን በአንደበቱ ይናገራል። እርቁ የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ዱቡሻ የሚባለው የሸንጎ ቦታም የተሰወረው ነገር ሰው ፊት የሚወጣበት አደባባይ ነው። በመስከረም 2011 ቡራዩ ውስጥ በጋሞ ተወላጆች ላይ የተፈጸመው ግድያ ያስቆጣቸው ወጣቶች ለበቀል ሲነሱ፣ እርጥብ ሣር ይዘው በአርባ ምንጭ መንገድ ላይ የተንበረከኩት አባቶች ያስቆሟቸው ዱላ ይዘው አልነበረም። ልጆቹ ያንን ሣር መሻገር ነውር መሆኑን ያውቁ ስለነበር ነው።

በዓለም ስፖርት የታየውም ከዚህ ብዙ አይርቅም። ብስክሌተኛው ላንስ አርምስትሮንግ ቱር ደ ፍራንስን ሰባት ጊዜ አሸንፎ፣ ደጋግሞ ቢመረመርም ሳይቀጣ ቆየ። በመስከረም 2005 የወጣው የአሜሪካ ፀረ ዶፒንግ ኤጀንሲ ሰነድ ግን የቆመው በ26 ሰዎች ምስክርነት ላይ ነው፤ ከእነሱ 11ዱ አብረውት የተወዳደሩ የቡድን ጓደኞቹ ነበሩ። የሩሲያ አትሌቲክስ በኅዳር 2008 የታገደውም የ800 ሜትር ሯጯ ዩሊያ ስቴፓኖቫና ባለቤቷ ያዩትን ለጀርመን ቴሌቪዥን ስለተናገሩ ነው። ሽንትና ደም የሚሰበስበው ክፍል ሊያየው ያልቻለውን አብሮ የኖረው ሰው አየ።

በእኛ አገር ይህ ነገር ይበልጥ የሚጎላው በዕድሜ ማጭበርበር ላይ ነው። እ.ኤ.አ. በ2009 ናይጄሪያ ካስተናገደችው ከ17 ዓመት በታች የዓለም ዋንጫ ጀምሮ በዚህ ውድድር የሚሰለፉ ተጫዋቾች የእጅ አንጓቸው በኤም.አር.አይ ይታያል። አንጓው ጋ አጥንቱ የሚያድግበት ስስ መስመር አለ፤ መስመሩ ጠፍቶ አጥንቱ ሙሉ ለሙሉ ከተጋጠመ ልጁ ከ17 በላይ የመሆኑ ነገር አያጠራጥርም ማለት ይቻላል። ግሩም መሣሪያ ነው። ነገር ግን የልደት ቀኑን ማን እንደጻፈው፣ ማን እንዳስጻፈው፣ ማን አይቶ ዝም እንዳለ አጥንቱ አይናገርም። የሚወድቀው ልጁ ብቻ ነው፤ ወረቀቱን ያዘጋጀው ሰው በሚቀጥለው ዓመት ሌላ ልጅ ይዞ ይመጣል። በዚያ መሃል እውነተኛ የ15 ዓመት ልጅ ከሚበልጠው ጎረምሳ ጋር ተጋፍቶ፣ ችሎታ የለኝም ብሎ ጫማውን ሰቅሏል። እኔን ከሁሉ የሚያንገበግበኝ ይህ ስሙ እንኳ የማይመዘገብ ልጅ ነው።

ተቃውሞ እንዳለ አውቃለሁ። አንደኛው፣ ፌዴሬሽኑ ያመነው ተይዞ ነው፣ የተያዘ ሰው ኑዛዜ ምን ዋጋ አለው የሚል ነው። እውነትነት አለው። ግን ተይዞም መካድ፣ ወረቀት መቀባባት፣ የውጭ ሴራ ነው ማለት ይቻል ነበር፤ ስንቶች ያንን መርጠዋል። ዓለም አቀፉ የፀረ ዶፒንግ ሕግም ለዚህ ዋጋ ይሰጣል። እ.ኤ.አ. ከ2021 ጀምሮ የአራት ዓመት እገዳ የቀረበበት ስፖርተኛ በ20 ቀን ውስጥ ጥፋቱን አምኖ ቅጣቱን ከተቀበለ አንድ ዓመት ይቀነስለታል። ሁለተኛው ይከብዳል፤ ጎሜ የሚሠራው ሁሉም በሚተዋወቅበት ቀዬ ነው፣ ኮንትራትና ገንዘብ ባለበት ግን የሚናገር ሰው እንጀራውን ያጣል ይላል። ይህንን አልክድም፤ ስቴፓኖቫም አገሯን ጥላ ወጥታለች። ይህ ግን የሚያሳየው ተናጋሪው ጥበቃ እንደሚያስፈልገው እንጂ መናገር ከንቱ መሆኑን አይደለም። በአዋጅ ቁጥር 414/1996 የወጣው የወንጀል ሕጋችን ዶፒንግን በወንጀልነት ይቀጣል፤ እ.ኤ.አ. በ2016 የዓለም አትሌቲክስ ኢትዮጵያን አሳሳቢ ካላቸው አምስት አገሮች አንዷ ካደረጋት ወዲህም ምርመራው ጠብቋል። ቅጣት ብቻውን ሲበረታ ግን ያየውም ሰው ጓደኛዬን አሳስሬ እንዴት እኖራለሁ እያለ አፉን ይይዛል።

ሦስተኛውን ተቃውሞ ራሴ አነሳለሁ፤ ሽምግልና ራሱ የመሸፈኛ ብርድ ልብስ ይሆናል። ስፖርታችን ውስጥ ስንት ነገር "በሽምግልና ይለቅ" ተብሎ ታፍኖ ቀርቷል። የጋሞን ሥርዓት ከዚህ የሚለየው ቅደም ተከተሉ ነው። በደሉ ሳይነገር እርቅ የለም፤ ጎሜው ተደብቆ ከቀረ ጉዳቱም አብሮ ይቀራል። ከበር ጀርባ የሚደረገው የስፖርታችን ሽምግልና ግን እርቁን አስቀድሞ እውነቱን ይቀብራል።

አዞዎቹ፣ አርባ ምንጭ ከተማ፣ በሜዳቸው ሲጫወቱ ዙሪያውን የሚቀመጠው ሕዝብ ከዱቡሻ አገር የመጣ ነው። የክለቡ ታዳጊ ቡድን ሲመረጥ ጎረቤቱም፣ አስተማሪውም፣ ከልጁ ጋር አብሮ ያደገውም እዚያው አለ። የየትኛው ልጅ የልደት ቀን እንደተቀየረ የሚያውቁት እነሱ ናቸው፤ የመራጮቹ ጠረጴዛ ጋ ሲደርሱ ግን የሚጠይቃቸው የለም። የተመራጮቹ ዝርዝር ከመጽደቁ በፊት በአደባባይ ተነብቦ "የምታውቁት ነገር ካለ ተናገሩ" ቢባል፣ የተናገረውም ስሙ ቢጠበቅለት፣ ልጁ ወደ አንጓ ምርመራው ከመድረሱ በፊት ነገሩ አርባ ምንጭ ላይ ያልቃል።