ሚራስ ሲካፈል፦ ከጠበቃው በፊት ፍርድ ቤቱ

ከቦረና ቀበሌዎች ሰው ሞቶበት ንብረት ለማካፈል መካነ ሰላም የሚወርድ ብዙውን ጊዜ «ጎበዝ ጠበቃ ማን ነው?» ይላል። ውድ አንባቢያን፣ ከዚያ የሚቀድም ጥያቄ አለ፤ ሚራሱ በየትኛው ፍርድ ቤት ይታይ?

በሸሪዓ ወንድ ልጅ የሴቷን እጥፍ ያገኛል፤ ልጆች ካሉ የሚስት ድርሻ አንድ ስምንተኛ ነው። በ1952ቱ ፍትሐ ብሔር ሕግ ልጆች ሁሉ እኩል ናቸው፤ ሚስት ከጋራ ንብረቱ ግማሹን ትወስዳለች እንጂ ከልጆች ጋር አትወርስም።

ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 34 የሸሪዓ ዳኝነትን የፈቀደው ተከራካሪዎች ሲስማሙ ነው። ይህ የወረቀት ወግ ብቻ አይደለም። በ1996 ዓ.ም. የፌዴሬሽን ምክር ቤት፣ አንደኛው ወገን እየተቃወመ በአዲስ አበባ ሸሪዓ ፍርድ ቤት የተሰጠ የውርስ ፍርድ ሽሯል። ክርክሩ እስከዚያ ስንት ደረጃ አልፎ ነበር!

ስለዚህ የጠበቃውን የጥብቅና ፈቃድ ካያችሁ በኋላ፣ እናትንና እህቶችን ለብቻቸው ጠይቆ ሐሳባቸውን ይሰማ እንደሆነ እዩ። እኛ ዘንድ እህት በወንድሟ ፊት «እሺ» ማለት ይቀናታል። በፌዴራሉ አዋጅ ቁጥር 188/1992 ግን አንዴ ለሸሪዓ ፍርድ ቤት የፈቀደ ሰው ጉዳዬ ወደ መደበኛው ይዛወርልኝ ማለት አይችልም።