ችግኝ ሲገረጣ ማዳበሪያ ለመግዛት አይቸኮል

በረንዳ ላይ በተቀመጠ ባልዲ ውስጥ የሚያድግ የሰላጣ ችግኝ በሁለተኛው ሳምንት ቅጠሉ መገርጣት፣ ግንዱም መቅጠን ሲጀምር የጀማሪው አልሚ የመጀመሪያ ግምት አብዛኛውን ጊዜ አንድ ነው፤ «ምግብ አንሶት ይሆናል» የሚል። ወዲያውም ወደ ግብርና ግብዓት መሸጫ ጎራ ብሎ ተጨማሪ ማዳበሪያ ይገዛና ባልዲው ውስጥ ይጨምራል። ከጥቂት ቀናት በኋላ ችግኙ ጭራሹን ይጠወልጋል። በአንጻሩ ባልዲው ተከፍቶ፣ ሥሩ ታይቶ፣ ውኃውም ተለክቶ ቢሆን ኖሮ ችግኙ የምግብ እጥረት እንዳልነበረበት ብዙውን ጊዜ መረዳት በተቻለ ነበር።

ተክልን ያለ አፈር፣ ምግብ በተሟሟበት ውኃ የማልማት ዘዴ ሃይድሮፖኒክስ ይባላል። ስያሜውን በ1930ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ያስተዋወቁት በበርክሌይ የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪ የነበሩት ዊልያም ጌሪክ ናቸው። ለቤት ውስጥ ጀማሪ ከሁሉም የሚቀለው ደግሞ የሐዋይ ዩኒቨርሲቲው በርናርድ ክራትኪ ያሳወቁት ዘዴ ነው። ይህ ዘዴ ፓምፕም ሆነ ኤሌክትሪክ አይፈልግም። ክዳኑ የተበሳ ባልዲ፣ ችግኙን የሚይዝ ትንሽ ኩባያና በቂ የተመጣጠነ ውኃ ካሉ ይበቃል። መብራት በሚቆራረጥበት ከተማ ይህ ቀላል ጥቅም አይደለም።

ኪሳራው እንዴት ይሰላል?

የሞተ ችግኝ ወጪ በተረፈው ላይ ይጫናል። ለምሳሌ ያህል፣ 20 ችግኝ ለማፍላት ዘሩ፣ ስፖንጁ፣ ማዳበሪያውና ዕቃው በድምሩ 1,000 ብር ፈጀ ተብሎ ይታሰብ። ሁሉም ቢጸድቁ አንዱ ሰላጣ 50 ብር ያወጣል። 8 ቢሞቱ የቀሩት 12 እያንዳንዳቸው ወደ 83 ብር ይጠጋሉ። አልሚው ደንግጦ የ400 ብር ተጨማሪ ማዳበሪያ ገዝቶ በዚያው ሳቢያ 5 ተጨማሪ ችግኝ ቢሞትበት ደግሞ የቀሩት 7 ብቻ ይሆናሉ፤ የአንዱ ዋጋም 200 ብር ይደርሳል። ይህን ያህል ወጪ የወጣበት ሰላጣ ከገበያው ሰላጣ ጋር ሊወዳደር አይችልም። በመሆኑም ችግሩን በትክክል መለየት ራሱን የቻለ የወጪ ቅነሳ ነው።

መጀመሪያ ሥሩ ይታይ

ምርመራው የሚጀመረው ከቅጠሉ ሳይሆን ከሥሩ ነው። ክዳኑን ብድግ አድርጎ ማየት ወጪ የለውም። ጤነኛ ሥር ነጭ ወይም ነጣ ያለ ክሬም ቀለም አለው። ቡናማ ሆኖ ከሙለጨለጨና መጥፎ ሽታ ካመጣ ሥሩ በኦክስጅን እጥረት ታፍኖ መበስበስ ጀምሯል ማለት ነው። ውኃ ሞልቶለት ሳለ በቀትር የሚጠወልግ ችግኝ አብዛኛውን ጊዜ የዚህ ችግር ተጠቂ ነው። ሥሩ ከተበላሸ ውኃውንም ምግቡንም መሳብ ስለማይችል ማዳበሪያ መጨመሩ ምንም አይፈይድለትም።

በዚህ ረገድ የአዲስ አበባ ከፍታ የራሱ ድርሻ አለው። በባሕር ጠለል ላይ 20 ዲግሪ ሴንቲግሬድ የሆነ ውኃ በሊትር 9 ሚሊ ግራም ያህል ኦክስጅን ይይዛል። 2,400 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ በምትገኘው አዲስ አበባ ግን የአየር ግፊቱ ዝቅተኛ በመሆኑ ይኸው መጠን በሩብ ያህል ይቀንሳል። ውኃው ሲሞቅ ደግሞ ይበልጥ ያንሳል። ጥቁር ጀሪካን ፀሐይ ላይ ማስቀመጥ ጉዳት የሚያስከትለው በዚህ ምክንያት ነው። ለሰላጣ ሥር የሚስማማው የውኃ ሙቀት ከ18 እስከ 22 ዲግሪ ነው።

በክራትኪ ዘዴ ጀማሪዎች የሚፈጽሙት የተለመደ ስሕተት ባልዲውን ደጋግሞ እስከ አፉ መሙላት ነው። ውኃው እየጎደለ ሲሄድ በውኃውና በክዳኑ መካከል የሚፈጠረው ባዶ ቦታ ሥሩ የሚተነፍስበት ነው። ይህን ቦታ መልሶ መሙላት ከአየር ጋር የተላመደውን ሥር እንደ ማስጠም ይቆጠራል። መጨመር ካስፈለገ እስከ ባልዲው እኩሌታ ብቻ መሆን ይኖርበታል።

በሌላ በኩል ግንዱ ከሥሩ በላይ ባለው ቦታ እንደ ክር ቀጥኖ የወደቀ ችግኝ የሻጋታ በሽታ የያዘው ነው። መንስኤው ሁልጊዜ የራሰ ስፖንጅና የአየር ዝውውር ማነስ ሲሆን፣ የወደቀው ችግኝ አይድንም። እሱን አስወግዶ ዕቃውን በተበረዘ በረኪና አጥቦ፣ ደጋግሞ ማለቅለቅ ይሻላል። ውኃው አረንጓዴ ከሆነ ደግሞ ብርሃን እየገባበት ነው። የሃይላንድ ፕላስቲክ የሚጠቀም ሰው ውጪውን በፎይል ወይም በወፍራም ወረቀት መሸፈን ይኖርበታል።

ቅጠሉ ምን ይላል?

ሥሩ ነጭ ሆኖ ከተገኘ ተራው የቅጠሉ ነው። እዚህ ላይ ዋናው ጥያቄ የትኛው ቅጠል ነው የገረጣው የሚለው ነው። ከታች ያሉት አሮጌ ቅጠሎች ቢጫ ከሆኑ የናይትሮጅን እጥረት ሊሆን ይችላል። አዲሶቹ የላይኞቹ ቅጠሎች ገርጥተው ጅማታቸው ብቻ አረንጓዴ ሆኖ ከቀረ ግን የብረት ንጥረ ነገር እጥረት ምልክት ነው። ይህም ብዙውን ጊዜ ብረቱ ከውኃው ውስጥ ጠፍቶ ሳይሆን የውኃው ፒኤች ከፍ በማለቱ ተክሉ ሊስበው ስላልቻለ የሚመጣ ነው። የቅጠሉ ጫፍ እንደ ተቃጠለ ወረቀት ቡናማ ከሆነ ደግሞ ከሚጠረጠሩት አንዱ የማዳበሪያው መብዛት ነው።

ግንዱ ረዝሞ፣ ቀጥኖ ወደ መስኮቱ የሚያጋድል ችግኝ ያጣው ብርሃን ነው። ለዚህ የሚሸጥ ማዳበሪያ የለም፤ ቦታውን መለወጥ ብቻ ነው መፍትሔው። ሆኖም ከጥላ ያደገን ችግኝ በአንድ ጊዜ ለቀትር ፀሐይ ማጋለጥ ያቃጥለዋል። ከማለዳ ፀሐይ ጀምሮ በአንድ ሳምንት ጊዜ ውስጥ ቀስ በቀስ ማለማመድ ያስፈልጋል። በጥቅምትና በኅዳር ሌሊቱ ሲበርድ የቲማቲም ችግኝ ቅጠል ከበታቹ ሐምራዊ መልክ ሊይዝ ይችላል። ይህም ብርዱ ሥሩን ፎስፈረስ እንዳይስብ ስለሚያደርገው እንጂ ሁልጊዜ ፎስፈረስ ጎድሎ አይደለም። ሌሊት ወደ ቤት ማስገባት ከግዢው ይቀድማል።

ዳፕና ዩሪያ ለምን አይሆኑም?

በየቦታው የሚታወቁት ዳፕና ዩሪያ ለአፈር የተዘጋጁ ናቸው። ዩሪያ 46 በመቶ ናይትሮጅን ቢኖረውም ተክሉ በሚገባ የሚጠቀምበት በአፈር ውስጥ ያሉ ረቂቅ ተሕዋስያን ከለወጡት በኋላ ነው። በንጹሕ ባልዲ ውኃ ውስጥ እነዚህ ተሕዋስያን በበቂ መጠን የሉም። ዳፕ በበኩሉ ናይትሮጅኑ በአሞኒየም መልክ ያለ በመሆኑ ሲበዛ ለጋ ሥር ይጎዳል። ሁለቱም ካልሲየም፣ ማግኒዚየምና ብረት የላቸውም። ለዚህ ሥራ የሚውለው ናይትሮጅኑ በአብዛኛው በናይትሬት መልክ ያለ፣ ጥቃቅን ንጥረ ነገሮችን ያሟላና በውኃ ሙሉ በሙሉ የሚሟሟ ማዳበሪያ ነው። ካልሲየም ናይትሬትን ከፎስፌትና ከሰልፌት ጋር ሳይበርዙ በአንድ ዕቃ መበጥበጥም ነጭ ዝቃጭ ፈጥሮ የተገዛውን ምግብ ከጥቅም ውጪ ያደርገዋል። ለየብቻ ተበጥብጠው በብዙ ውኃ ውስጥ መገናኘት አለባቸው።

መጠኑም የራሱ ሥርዓት አለው። ዘሩ በቅሎ እውነተኛው ቅጠል እስኪወጣ ድረስ ችግኙ የሚመገበው ከዘሩ ነው፤ ንጹሕ ውኃ ይበቃዋል። ከዚያ በኋላ ለጋ ችግኝ የሚስማማው በኢሲ መለኪያ ከ0.8 እስከ 1.2 ሚሊ ሲመንስ በሴንቲ ሜትር ሲሆን፣ ያደገ ሰላጣ ከ1.2 እስከ 1.8 ይፈልጋል። በሞቃት ቀን ተክሉ ከምግቡ ይልቅ ውኃውን አብዝቶ ስለሚጠጣ የቀረው እየወፈረ ይሄዳል። ስለዚህ ቁጥሩ ከፍ ካለ የሚጨመረው ንጹሕ ውኃ ነው።

የሰፈሩ ውኃም ይለያያል

የአዲስ አበባ ውኃ ሁሉ አንድ ዓይነት አይደለም። ከለገዳዲና ከገፈርሳ ግድቦች የሚመጣው የገጸ ምድር ውኃ ሲሆን፣ ከአቃቂ ጉድጓዶች የሚወጣው የከርሰ ምድር ውኃ ነው። የከርሰ ምድር ውኃ በዓለት ውስጥ ሲያልፍ ባይካርቦኔት ስለሚሸከም ፒኤቹን ወደ ላይ ይጎትታል። በማንቆርቆሪያ ውስጥ ነጭ ቅርፊት የሚተው ውኃ ያለው ሰው ይህን ሊጠረጥር ይገባል። ተፈላጊው ፒኤች ከ5.5 እስከ 6.5 ነው። ለማውረድ ሎሚ ቢጨመር ለጊዜው ይሠራል፤ ሆኖም ተመልሶ ስለሚወጣ ፎስፎሪክ አሲድ የተሻለ ነው። ከመኪና ባትሪ የወጣ አሲድ ግን እርሳስ ሊኖረው ስለሚችል ለሚበላ አትክልት ፈጽሞ አይሆንም። በክረምት ጣሪያው በመጀመሪያዎቹ ዝናቦች ከታጠበ በኋላ የሚጠራቀም ውኃ ደግሞ ያለ ወጪ የሚገኝ አማራጭ ነው።

ምን ይቅደም?

እንግዲህ ወጪው ቅደም ተከተል ያለው ቢሆን ይመረጣል። በመጀመሪያ ሥሩን፣ ቀጥሎ ቅጠሉንና ቦታውን ማየት፤ ይህ ነጻ ነው። ከዚያ የፒኤች ወረቀት፣ አቅም ከፈቀደ የኢሲ መለኪያ መግዛት። ማዳበሪያ የመጨረሻው ነው። ለሙከራም ሁለት ችግኞችን ብቻ ለይቶ በአዲስና በሳሳ ውኃ ውስጥ ማድረግ፣ በአንድ ጊዜም አንድ ነገር ብቻ መለወጥ ይበጃል። ሁሉንም በአንድ ላይ የለወጠ ሰው የትኛው እንደጠቀመው አያውቅም። ውጤቱም ከሳምንት በኋላ በአዲሱ ቅጠል ይመዘናል፤ የገረጣው አሮጌ ቅጠል አብዛኛውን ጊዜ ተመልሶ አይለመልምም።

አዲስ ቅጠል የማያወጣና ሥሩ የበሰበሰ ችግኝ ካለ በጊዜ ማስወገዱ ከኪሳራ ያድናል። የሰላጣ ዘር ከተዘራ በሁለትና በሦስት ሳምንት ለመዛወር ይደርሳል። ይህን ያህል ጊዜ የታመመ ችግኝ በማስታመም የሚያሳልፍ ሰው አዲስ ዘርቶ ቢሆን ኖሮ ጤነኛ ችግኝ በእጁ በነበረ።