ጥሩ ውኃ ለታችኛውም

በቀየትና በአካባቢዋ ክረምት በገባ ቁጥር ጅረቶች ይደፈርሳሉ። ዝናቡ ከታረሰው ተዳፋት አፈሩን፣ ከአፈሩም ጋር የከብቱን እበትና ማዳበሪያውን ጠርጎ ያወርዳል። ከታች ያለች እናት በእንስራዋ የምትቀዳው ይህንኑ ነው።

ነቢዩ ሕዝቅኤል በምዕራፍ 34 ጥሩውን ጠጥተው የቀረውን ስለሚያደፈርሱ በጎች ይናገራል። ከብት ምንጭ ውስጥ ገብቶ በሚጠጣበት አገር ይህ ምሳሌ ብቻ አይደለም።

የመንዝ አባቶች ለዚህ ሥርዓት ነበራቸው። በ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን እንደ ተጀመረ የሚነገረው የቄሮ ሥርዓት የጓሳ ሣር ለዓመታት ተከልክሎ እንዲያርፍ፣ በተፈቀደ ጊዜ ብቻ እንዲታጨድ ያዝዝ ነበር። የ1967ቱ የገጠር መሬት ዐዋጅ ሥርዓቱን ቢያፈርሰውም፣ ሕዝቡ ጓሳን ዛሬም በጋራ ይጠብቃል። ብዙ ወንዞች ከዚያ ይነሣሉ፤ ሣሩ ዝናቡን ይዞ ወደ መሬት ያሰርገዋልና።

በእርሻ ላይ ይህን የሚተካው እርከንና በወንዝ ዳር ሳይታረስ የሚተው የሣር ጠርዝ ነው። ማሳው ጠባብ ለሆነ ገበሬ ጠርዙን መተው ቀላል አይደለም፤ ስለዚህ ሣሩን አጭዶ ለከብቱ የሚያበላው ባለማሳው ራሱ ሊሆን ይገባል። ምንጩን አጥሮ የከብቱን ገንዳ ከበታቹ ማኖር ግን አንድ የሰንበቴ ማኅበር በድንጋይና በጉልበት የሚፈጽመው ሥራ ነው፤ ከበዓላት ውጭ ባሉት ቀናት ማለት ነው።